ኦፒኔል ቁጥር 8፦ ዝገት የሚፈራ አይግዛው

እኛ ሰፈር ሰንጢ ስሟ ክፉ ነበር። እናቴ «ሰንጢ የያዘ ልጅ» ካለች ዱርዬ ማለቷ ነው። የአባቴ ኮት ኪስ ግን ያለ ሰንጢ ውሎ አያውቅም፤ ሸንኮራ የሚልጥልን፣ እርሳስ የሚቀርጽልን በሷ ነበር። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከመጣሁ በኋላ አንድ የዕቃ ሱቅ መስኮት ላይ ኦፒኔል የሚባለውን የፈረንሳይ ሰንጢ ሳይ ያቺ ሰንጢ ትዝ አለችኝና ገባሁ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቴን ይዣታለሁ።

የኔዋ ቁጥር 8 ናት። ስለቷ 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው፣ እጀታዋ ቢች ከሚባለው እንጨት የተሠራ፤ የከፈልኩት ከ15 ዩሮ በታች ነው። ሁለት ዓይነት አላት፤ አንዱ የማይዝግ ብረት፣ ሌላው ካርቦን ስቲል፣ የሚዝገው። ሻጩ የማይዝገውን ቢመክረኝም ካርቦኑን ወሰድኩ። ካርቦን ቶሎ ይሳላል፣ ሲሳል ደግሞ እንደ ምላጭ ነው። የኔን የምስለው ቡና ስጠጣ፣ በሲኒው ቂጥ ነው። ሲኒው ከታች ቀለም ያልነካው ሻካራ ክብ አለው አይደል? እዚያ ላይ አሥር ጊዜ ወዲህ፣ አሥር ጊዜ ወዲያ፤ በቃ።

ርካሽ ሰንጢ ስትገዙ ማብረቅረቁን ተዉትና አጥፋችሁ እዩት። ስለቱ ከእጀታው ስንጥቅ መሐል ነው መግባት ያለበት፤ አንዱን ጎን ከታከከ አስቀምጡትና ሌላ ጠይቁ። ቀጥሎ ዘርግታችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጉት። በመጨረሻ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ስር ያዙት፤ የተሳለ አፍ አይታይም፣ ብልጭ የሚል ቦታ ካለ እዚያ ጋ ዱልዱም ነው። እጀታው እንጨት ስለሆነ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል። እኔ ሦስት አስወጥቼ ሦስተኛውን ነው የወሰድኩት። ሻጩ በሆዱ ምን እንዳለኝ እንጃ።

አንገቱ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ከ1955 ጀምሮ የተጨመረ ነው። ከፍታችሁ ስታዞሩት ስለቱ ጣት ላይ አይታጠፍም። ሰንጢው ራሱ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ ጆዜፍ ኦፒኔል የሚባል፣ ሳቮዋ ከተባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር የወጣ ልጅ በ1890 ነው የጀመረው። ስለቱ ላይ ዘውድ የተደፋበት እጅ ተቀርጿል። ለጌጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እጁ የመጥምቁ ዮሐንስ ነው! ሴን ዣን ደ ሞሪየን የሚባለው የአካባቢው ከተማ ካቴድራል የመጥምቁ ጣቶች አሉበት ይባላል፣ ከተማውም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ስለ ሰንጢ የነበራት አስተያየት ትንሽ ለዘብ አለ።

ዋናው ፈተና ቁርጥ ነበር። ባለፈው ፋሲካ እንግዶቼ የየራሳቸውን ቢላ ይዘው ሲቀመጡ እኔ ሰንጢዬን አወጣሁ። ሳቁብኝ። ስለቷ ስስ ስለሆነች ግን ሽንጡን ሳትጎትት ነው የምታልፈው፤ ማታ ላይ ከእጅ እጅ ስትዞር ነበር። አጥንት ላይ ግን አትሞክሯት፣ ጣሳም አትክፈቱባት። ስስነቷ ለዚህ አይሆንም፤ አፏ ይሸረፋል።

የዚያኑ ሌሊት ጥፋት ሠራሁ። ሎሚ ከቆረጥንባት በኋላ ሳላያት ከሳህኖቹ ጋር ውሃ ውስጥ አደረች። ጠዋት ስለቷ ቡናማ ዝገት ለብሷል፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ታጥፋ ስለነበር በጥፍር ብጎትታት ንቅንቅ አልል አለች። የታችኛው ፎቅ ሽማግሌ ሳቮዋዊ ናቸው፤ ተቀብለውኝ የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርገው ሲመቱት ስለቱ ብቅ አለ። ለካ የሀገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። ሁለት ቀን ከማሞቂያው ርቃ፣ መስኮት ዳር ደረቀች። ዝገቱን በሽቦ ማጠቢያ ፈተግኩና የምግብ ዘይት ቀባኋት። አሁን መልኳ እንደ ርግብ ክንፍ ግራጫ ሆኗል፣ ቲማቲምና ሽንኩርትም በየቀኑ ያጠቁሯታል። ይህ መጥቆር ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም ከቡናማው ዝገት ትንሽ ይከላከላል። አዲስ ሲያብረቀርቅ መኖር አለበት የሚል ሰው ግን በየቀኑ ሲናደድ ይኖራል።

አንድ ነገር፦ ፈረንሳይ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ቢላ ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር ያስከስሳል። እኔ ለሽርሽር ስወጣ ከዳቦውና ከአይቡ ጋር ቦርሳ ውስጥ ነው የማስቀምጣት። አውሮፕላን ላይም በእጅ ሻንጣ አትገባም፣ በሚጫነው ነው።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ «ለኔም አምጣልኝ» ብሎኛል። ለሱ የምገዛለት ግን የማይዝገውን ነው። እሱ ቢላውን ከነማንኪያው ነው የሚዘፈዝፈው።