ደብረ ብርሃን ላላችሁ፦ ሲስተርን አመስግኑልኝ፣ ለሚያስፈልገውም ጠቁሙ

ሲስተር የምላት ቤታችን እየመጣች የምታስታምምልን ነርስ ናት። ረዘም ይላል፣ ግን አንብቡልኝ። በተለይ አመሉ ድንገት የተለወጠ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ መምህር ነበር። ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ፣ ከተማው የሚያውቀው ሰው። ገና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ ባሕሪው ሌላ ሆነ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ጮክ ብሎ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል። ስኳር ከጣሳው በእፍኙ ይዝቃል። ማኅበር ላይ የሰው ትሪ ውስጥ እጁን ይሰዳል። አክስታችን ደጃፍ ላይ ወድቃ እጇ ተሰብሮ ስትጮህ፣ እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣ ነበር፤ ቀና ብሎም አላያት። ይሄ ሰው እኮ የጎረቤት ልጅ ሲያለቅስ እንኳ የማያስችለው ነበር!

የማስታወስ ችሎታው ግን ደህና ነበር። የድሮ ተማሪዎቹን ስም እስከ አያት ይጠራል። ለዚህ ነው ማንም በሽታ ነው ያላለው። አንዱ ጠገበ አለ፣ ሌላው ተተብትቦበት ነው አለ፣ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን እትዬን፣ ሚስቱን ማለቴ ነው፣ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ያሏት መኖራቸው ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ወሰድነው፣ እዚያ ያገኘናቸው አባትም ጠበሉንም ያዙ ሐኪምም አሳዩት ብለው መርቀው ሸኙን። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ጭንቀት ነው ብሎ ሁለት ደቂቃ ሳያናግረው ኪኒን ጽፎ መለሰን።

ሲስተር ቤታችን የመጣችው ለእማዬ ነበር፣ የእግሯን ቁስል ልታሽግ። ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ጋሼን አየችው። ቦርሳዋን አስቀምጣ እንደገና ተቀመጠች። ብዙ አልጠየቀችውም፣ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ እትዬን ወደ ጓዳ ጠርታ «ይሄ አመል አይደለም፣ የነርቭ ሐኪም ይየው። ስትሄዱ አንቺም አትቅሪ። ምን እንደተለወጠና መቼ እንደጀመረ በወረቀት ጻፉ፣ እሱ ራሱ ምንም አልሆንኩም ነው የሚላቸው» አለቻት። እንዳለችውም ነው የሆነው።

አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበ፣ ከጋሼ ይልቅ እትዬን ነው ብዙ የጠየቃት። ኤምአርአይ አስነሳው። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ኮስሶ ታየ። ስሙ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ይባላል። የሰውን ጠባይ፣ ርኅራኄውን፣ ሲብስም ንግግሩን የሚነካ የአንጎል በሽታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፣ የመርሳት ችግር ከመምጣቱ በፊት።

ዶክተራችን በምን እንደለየው ስጠይቀው አንድ ስም ነገረኝ፤ ብሩስ ሚለር። ሳን ፍራንሲስኮ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማስታወስና የእርጅና ማዕከልን ለረጅም ዓመታት የመራ የነርቭ ሐኪም ነው። በሽታውን መጀመሪያ የጻፈው አርኖልድ ፒክ ነው፣ ፕራግ፣ እ.ኤ.አ. በ1892። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙው ሐኪም የአእምሮ ሕመም ወይም አልዛይመር እያለ ሲያልፈው ኖሯል። ሚለርና ባልደረቦቹ እነዚህን ሕሙማን ለዓመታት ቁጭ ብለው ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በካትያ ራስኮቭስኪ መሪነት እሱም ያለበት የብዙ አገር ቡድን የመለያ መስፈርት አወጣ። ይሉኝታ ማጣት፣ ለነገር ሁሉ ግድ ማጣት፣ ርኅራኄ መጥፋት፣ አንድን ነገር መደጋገም፣ የአበላል መለወጥ፣ ማስታወሱ ደህና ሆኖ ማቀድና ማመዛዘን መድከም። ከስድስቱ ሦስቱ ካሉ ሐኪም ይጠረጥራል። ይሄን ሳነብ የቤታችንን ነገር የጻፉት ነው የመሰለኝ።

የአክስቴ ነገር ውስጤን ሲበላኝ ነበር። እዚያው ማዕከል ያለው ዊሊያም ሲሊ እ.ኤ.አ. በ2006 ቮን ኢኮኖሞ የሚባሉ የነርቭ ሕዋሳት በዚህ በሽታ ቀድመው እንደሚጠፉ አሳየ። ሕዋሳቱ ያሉት ከሰው ጋር ያለንን ስሜት ከሚመሩት የአንጎል ቦታዎች ላይ ነው። ጋሼ አክስቴን መውደድ አልተወም፤ የሚያዝንበት ቦታ ነው የተጎዳበት። ይህን ማወቅ ለእኛ ቤት ከመድኃኒት አላነሰም። በዚያው 2006 ደግሞ ቲዲፒ-43 የሚባለው ፕሮቲን በዚህ በሽታና ጡንቻን በሚያሽመደምደው ኤኤልኤስ ላይ አንድ ላይ ተገኘ፣ ስለዚህ እጅ ወይም እግር መድከም ከጀመረ ለሐኪሙ ንገሩ።

በሽታውን የሚያድን ወይም የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። ለአልዛይመር የሚሰጠው አይጠቅምም፣ አንዳንዱን እንዲያውም ያብስበታል፤ ከሰው ተቀብላችሁ እንዳትሰጡ። ስለዚህ ሥራው ያለው አያያዙ ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ሲስተርን የማመሰግናት።

አትከራከረውም። ስኳሩን ከዓይኑ አራቀች፣ ተቆጥታ አልቀማችውም። አፉን እየሞላ ስለሚያንቀው እንጀራውን ቆራርጣ በትንሹ ነው የምታቀርብለት። በየጠዋቱ በዚያው መንገድ በዚያው ሰዓት ካልሄድኩ ሲል እኛ በር እንዘጋ ነበር፣ እሷ ግን ጋቢውን አልብሳ አብራው ትሄዳለች፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ በሚገባበት ሰዓት! ኪሱ ውስጥ ስልካችን የተጻፈበት ወረቀት ሰፍታለታለች። ሚለር እ.ኤ.አ. በ1998 ሥዕል የማያውቁ አንዳንድ ሕሙማን በሽታው ሲጀምራቸው መሣል እንደጀመሩ ጽፎ ነበር። ያንን ስነግራት በነጋታው ደብተርና እርሳስ ይዛ መጣች። ጋሼ አሁን መስመር ብቻ ነው የሚያሰምረው፣ ገጽ ከገጽ። ሥዕል አይደለም፣ ግን ለሰዓታት ረጋ ብሎ ይቀመጣል፣ እትዬም ያን ጊዜ ጋደም ትላለች። እትዬን «አንቺም ታማሚ እንዳትሆኚ» ብላ ደም ግፊቷን የምትለካላትም እሷው ናት። እግዜር ይስጥልን፣ ሲስተር። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አላወጣም፣ ፈቃዷ አይደለም። የአልጋ ቁራኛ፣ ስትሮክ ወይም እንደ ጋሼ ያለ ሕመምተኛ ያላችሁ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ። እስከ ደብረ ሲናና መንዝ ድረስ ለመመላለስ አትችልም፣ ግን ቤተሰቡን በስልክ ታስረዳለች። ክፍያዋን ከራሷ ጋር ተነጋገሩ፣ አታስቸግርም። ሐኪም ያላየው ሰው ካለ ግን መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ወረቀቱንም ጽፋችሁ ያዙ።