ኤስኤፒ አሪባ ከአቅራቢው ወንበር ሲታይ

አሪባን ሊሸጡ የሚመጡ ሰዎች የሚያሳዩት የገዢውን ስክሪን ነው። ሲስተሙ ተተክሎ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ግን ሥራው የሚቆመው በወዲያኛው ወገን ነው፦ አቅራቢው ግብዣውን አልከፈተም፣ ወይም ከፍቶ የተሳሳተ በር ገብቷል። ስለዚህ ይህ ግምገማ የገዢውን ስክሪን ትቶ አቅራቢው የሚያየውን ያያል።

ለማያውቀው ያህል፣ አሪባ እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሥርቶ በ2012 የሶፍትዌር ኩባንያው ኤስኤፒ የገዛው የግዥ ሲስተም ነው። ገዢና አቅራቢ የሚገናኙበት ክፍል ዛሬ ኤስኤፒ ቢዝነስ ኔትወርክ ይባላል፤ ሰው ግን አሁንም አሪባ ነው የሚለው።

የምዝገባው ቅደም ተከተል ሲነገር ቀላል ነው። የግዥ ባለሙያው አዲስ አቅራቢ እንዲገባ ይጠይቃል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ ግብዣ በኢሜይል ይሄዳል። አቅራቢው አካውንት ከፍቶ መጠይቁን ይሞላል፦ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ሂሳብ። ሲጸድቅ በሒሳብ ሲስተሙ የአቅራቢ ቁጥር ያገኛል። ለትዕዛዝና ለኢንቮይስ ደግሞ ሌላ የግንኙነት ጥያቄ ይላክለታል። ብዙ አቅራቢ ሁለተኛውን ኢሜይል «ይሄንማ ጨርሻለሁ» ብሎ ያልፈዋል፣ ትዕዛዙም መድረሻ ያጣል። ሁለት ግብዣ እንደሚመጣ አስቀድሞ በአንድ መስመር መንገር ይህን ያስቀራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን ሊንኩ ነው። መጠይቁን ከአቅራቢው አካውንት ጋር የሚያስተሳስረው በግብዣው ኢሜይል ውስጥ ያለው ሊንክ ነው። ሊንኩን ትቶ በቀጥታ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ አካውንት የከፈተ ሰው ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። ከሌላ ገዢ ጋር ሲሠራ የቆየ አቅራቢም ከሆነ «ተመዝገብ» የሚለውን ትቶ «ግባ» የሚለውን መጫን አለበት፤ አለዚያ ሁለተኛ አካውንት ይወልዳል። በትክክል ገብቶም ሊደናገር ይችላል፦ መጠይቆች በአንድ ክፍል፣ ትዕዛዝና ኢንቮይስ በሌላ ክፍል ናቸው፣ የሚቀያየረውም ከላይ ባለች ትንሽ ምርጫ ነው። «ምንም አልደረሰኝም» ብሎ ለሚደውል አቅራቢ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ክፍል ውስጥ ነዎት?» መሆን አለበት።

የአካውንት ዓይነቱ ሁለት ነው። ስታንዳርድ የሚባለው ነፃ ነው፤ ትዕዛዙ በኢሜይል ይደርሳል፣ ከዚያው ተነስቶ ኢንቮይስ ይሠራል። ኢንተርፕራይዝ የሚባለው በሲኤክስኤምኤል ወይም በኢዲአይ (ሲስተሞች በራሳቸው ሰነድ በሚለዋወጡባቸው ቅርጾች) ከራስ ሲስተም ጋር መገናኘትን ይጨምራል፣ ግብይቱ ሲበዛም አቅራቢውን ያስከፍላል። እዚህ ላይ ገዢዎች የሚሳሳቱት አቅራቢን በገንዘብ መጠን ስለሚመድቡ ነው። ቢሮ የሚያከራይ ድርጅት ትልቅ ብር ይቀበል ይሆናል፣ በዓመት የሚልከው ግን 12 ኢንቮይስ ነው፤ ስታንዳርድ ይበቃዋል። በሳምንት ብዙ ትንንሽ ትዕዛዝ የሚያስተናግደው የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ ነው ቀጥታ ግንኙነት የሚያስፈልገው። መለኪያው የሰነድ ብዛት ይሁን። ወጪውንም ለአቅራቢው ከምዝገባው በፊት በግልጽ መንገር ይሻላል፤ የክፍያ ማሳወቂያ ሲደርሰው የሚያውቅ አቅራቢ ዋጋው ላይ መጨመሩ አይቀርም።

ኢንቮይስ ላይ ሲስተሙ ጥብቅ ነው፣ በእኛ ግምት ጥንካሬውም ይኸው ነው። ትዕዛዙ ራሱ ወደ ኢንቮይስ ስለሚገለበጥ ዋጋና ቁጥር እንደገና አይጻፍም። ግን የገዢው ደንብ መጀመሪያ አቅራቢው ትዕዛዙን እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅ ከሆነ የኢንቮይስ ቁልፉ ደብዝዞ አይጫንም፣ አቅራቢውም ሲስተሙ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል። ሌላው የዕቃው መለኪያ (ካርቶን ወይስ ፍሬ) ነው። ገዢው 100 ፍሬ የያዘ ካርቶን 5 አዝዞ አቅራቢው 500 ፍሬ ብሎ ቢልክ፣ ዕቃው ያው ቢሆንም 500 ከ5 ስለሚበልጥ ኢንቮይሱ ይመለሳል። ካታሎግ (የአቅራቢው የዕቃና የዋጋ ዝርዝር) ላይም እንዲሁ ነው፦ ፋይሉ በኤክሴል ሲከፈት 00457 የነበረው የዕቃ ኮድ 457 ይሆንና ከመጋዘኑ ኮድ ጋር አይገጥምም። ዓምዱን አስቀድሞ ጽሑፍ አድርጎ መክፈት ነው መድኃኒቱ።

ሲስተሙ የማያድነው ነገርም አለ። ገዢው ፋይል ላይ ያለው የአቅራቢው ኢሜይል ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት የለቀቀ የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ግብዣው ከመላኩ 3 ሳምንት በፊት ደውሎ ትዕዛዝ ማን እንደሚቀበል፣ ኢንቮይስ ማን እንደሚልክ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። አድሚን የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነም አቅራቢው የግል ሳይሆን የጋራ አድራሻ ቢያስመዘግብ ይመረጣል፤ አድሚኑ ሥልጣኑን ሳያስተላልፍ ከሄደ አካውንቱን ማስመለስ አድካሚ ነው። የባንክ ሂሳብ ለውጥ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ በጥያቄው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ ግድ ነው። የተሞላ ፎርም ስለሆነ ብቻ እውነት አይደለም።

አነስተኛ አቅራቢ ለሚበዛበት ገዢ ኩፓ የተባለው ተፎካካሪ የግዥ ሲስተም ይቀላል። የአቅራቢ ፖርታሉን በነፃ መጠቀም ይቻላል፣ ገዢው ከፈቀደም አቅራቢው አካውንት ሳይከፍት ከትዕዛዙ ኢሜይል ላይ ኢንቮይስ መላክ ይችላል። የአካውንት መደራረብ ግን እዚያም አለ፣ ለዚሁ ተብሎ ማዋሃጃ ጥያቄ ተሠርቶለታል። ውስብስብ ጨረታ፣ የውል ክትትልና የኤስኤፒ የሒሳብ ሲስተም ላለው ትልቅ ድርጅት አሪባ ይሻለዋል።

የሚጀምር ሰው ሁሉንም አቅራቢ በአንድ ቀን አይጋብዝ። 20 አቅራቢ ይበቃል፣ ከየዓይነቱ፦ ዕቃ የሚያቀርብ፣ አገልግሎት የሚሰጥ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው። ለእያንዳንዳቸው አንድ የሙከራ ትዕዛዝ ተልኮ ግማሹ ብቻ ኢንቮይስ ይደረግ፣ ቀሪው በሌላ ኢንቮይስ ይምጣ፣ ከዚያ ለተመለሰ ዕቃ ተቀናሽ ኢንቮይስ ይላክ። ሙሉ ትዕዛዝ በሙሉ ኢንቮይስ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የገዢው ደንብ በስህተት ኢንቮይስ መከልከሉ የሚታየው በግማሹና በተቀናሹ ላይ ነው።