ቴራፒስት ወይስ አስተማሪ? ሶሻል ወርክንና ሥነ ወሲብን አብረው ለሚማሩ

ፔንስልቬንያ፣ ቼስተር ከተማ ያለው ዋይድነር ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክንና የሥነ ወሲብን ማስተርስ አጣምሮ ሲያስተምር ቆይቷል። ከምረቃ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል።

የቴራፒስቱ መንገድ ረጅም ነው። በዚያው ግዛት ለብቻ ለማከም የሚያስችለውን የክሊኒካል ሶሻል ወርክ ፈቃድ ለማግኘት ከማስተርስ በኋላ 3,000 ሰዓት በባለሙያ ክትትል መሥራት አለ። የአሜሪካ የወሲብ አስተማሪዎች፣ አማካሪዎችና ቴራፒስቶች ማኅበር (ኤሴክት) ለሴክስ ቴራፒስት የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ደግሞ 300 ሰዓት ሕክምናና 50 ሰዓት ክትትል ይፈልጋል። ያደክማል። ግን ልጅ ከወለዱ በኋላ መቀራረብ ያቃታቸው ባልና ሚስት፣ ከካንሰር ሕክምና በኋላ ገላዋ ባዕድ የሆነባት ሴት፣ በሩን ዘግተው የሚያወሩት ከዚህ ሰው ጋር ነው። ሶሻል ወርክ የተማረ ባለሙያ ከመኝታ ቤቱ አልፎ የቤት ኪራዩን፣ የሌሊት ፈረቃውን፣ የአማቶችን ጫና ጭምር ያያል። ለእኔ ትልቁ ብልጫው ይሄ ነው።

አስተማሪነት አጠር ይላል፤ ኤሴክት ለአስተማሪ ለሚሰጠው ምስክር ወረቀት የሚፈልገው 100 ሰዓት ልምምድና 25 ሰዓት ክትትል ነው። ሥራው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የማኅበረሰብ ድርጅት ውስጥ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ወጣት ይደርሳል። ለማከም ግን አይፈቅድም።

አሜሪካ ውስጥ ስለ ወሲብ ማውራት ነውር በሆነበት ቤት ያደጉ ስንት የሐበሻ ልጆች አሉ! አማርኛ የሚችል አስተማሪም ቴራፒስትም ያስፈልጋቸዋል።

እያመነታሽ ከሆነ ክሊኒካል ፈቃዱን አስቀድሚ እላለሁ። ቴራፒስት ማስተማር ይችላል፤ አስተማሪ ግን ያለ ፈቃድ ማከም አይችልም።