«ቢያጋጥምሽስ?» ወይስ «ሲያጋጥምሽ ምን አደረግሽ?»

ለገንዘብ ያዥነት ያመለከተች ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ፊታችሁ ተቀምጣለች እንበል። «ሂሳብ ቢጎድልብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብትሏት መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፦ «ወዲያው ለአለቃዬ አሳውቃለሁ።» ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ስለ ልጅቷ ብዙም አይነግራችሁም።

አሁን ጥያቄውን ወደ ኋላ መልሱት። «ሂሳብ አልገጥም ያለሽን አንድ ቀን ንገሪኝ።» ከዚያ ተከታተሏት፦ መጀመሪያ ያየሽው ደረሰኙን ነው ወይስ ጥሬ ገንዘቡን? ለማን ነገርሽ? ልዩነቱስ ከየት መጣ? ሥራውን በእጇ የሠራች ሰው ዝርዝሩ አይጠፋትም። እኛ አገር ስለ ራስ ማውራት ጉራ ስለሚመስል ብዙዎች «እንዲህ አደረግን» ይላሉ። «የአንቺ ድርሻ የቱ ነበር?» ብሎ ለስለስ ባለ ድምፅ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን መዝለል ጎበዝ ሰው ያስመልጣል።

«ቢያጋጥምሽስ» ግን ከንቱ አይደለም። ገና ከኮሌጅ የወጣችን ልጅ ያለፈ ሥራዋን መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። ለእሷ ጥያቄውን ጠበቅ አድርጉት፦ «200 ብር ጎድሏል፣ አለቃሽ ስልክ አያነሳም፣ ባንክ ሊዘጋ ነው። ምን ታደርጊያለሽ?» እዚህ ላይ የተሸመደደ መልስ አይሠራም። ልምድ ላላት ግን እኔ ሁልጊዜ ያለፈውን መጠየቅ እመርጣለሁ።