ቀሚሴን ላልሰፉልኝ ልብስ ሰፊ

ምስጋናዬ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። የሚገርመው ግን ቀሚሴን እሳቸው አልሰፉልኝም።

መጀመሪያ የደወልኩላቸው ለሙቀት የሚሆን ቀለል ያለ ቀሚስ እንዲሰፉልኝ ነበር። እጅጌ የሌለው፣ ወገቡ ላይ ያዝ ብሎ ከታች ዘርፈፍ የሚል። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ያሰፋሁት ብብቴ ሥር አንቆኝ፣ አንዴ ለብሼው ቁም ሳጥን ውስጥ ቀርቷል። ይህንን ስነግራቸው "ቤትሽ የስፌት መኪና አለ?" አሉኝ። አለ፤ ከተገዛ ጀምሮ ግን የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ነው የኖረው። "እንግዲያው ራስሽ ትሰፊዋለሽ። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ" አሉ። አራት ቅዳሜ ቤቴ ድረስ እየመጡ አስተማሩኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መቀስ ሳንነካ አለቀ። ጨርቁን ዘርግቼ ስጠብቃቸው "አጥበሽዋል?" ብለው ጠየቁኝ። "አዲስ ነው እኮ!" አልኳቸው። "አዲስ ስለሆነ ነዋ።" ለካ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ የሚያጥረው ቀሚሱ ነው። ጨርቁን፣ ወደፊት ቀሚሱን በማጥብበት መንገድ፣ አጠብኩት። ደርቆ ስለካው ከ3 ሜትሩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠፍቷል። ያ ያለፈው ቀሚሴም በዚህ ሰበብ ይሆን ያነቀኝ እያልኩ አስባለሁ።

ከዚያ ልክ መውሰድ። ሜትሩ ወገቤ ላይ ሲያርፍ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ሳላስበው ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ። እትዬ ሜትሩን ሳይለቁ ዝም ብለው ጠበቁኝ። ብዙ ጠበቁ። ትንፋሼ አልቆ ስለቀው ቁጥሩን ጻፉና "አሁን ያንቺን ለካሁ" አሉ። ወገቤ 84፣ ዳሌዬ 108። እስከዚያ ቀን ድረስ ዳሌዬ የሚገባበት ልብስ ሁሉ ወገቤ ላይ ሲንቦረቀቅ ጥፋቱ የሰውነቴ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን የተዘጋጀ ልብስ የሚቆረጠው በአንድ በተወሰነ ልክ እንደሆነ፣ ያ ልክ የእኔ ካልሆነ የሚስተካከለው ጨርቁ እንደሆነ እንደ ተራ ነገር ነገሩኝ። ወንበር ላይ አስቀምጠውም ለኩኝ። ቀሚስ ተቆሞ ብቻ አይለበስም። ለዚህም ነው ደረት ላይ ከሰውነት ልክ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ያስጨመሩኝ፤ የማይለጠጥ ጨርቅ ያለ ትርፍ መተንፈሻ አይሰጥም።

በሁለተኛው ቅዳሜ የሰፋነው ቀሚስ ከአሮጌ አንሶላ ነበር። መጀመሪያ በአንሶላ ሞክሪ ሲሉኝ ደብሮኝ ነበር፣ አልዋሽም። የመኪናውን ስፌት ረጅሙ ላይ አድርገን፣ በቀላሉ እንዲተረተር፣ ቶሎ ቶሎ ገጣጠምነው። ስለብሰው ብብቱ ከፊት በኩል ክፍት ብሎ ቀረ። ትርፉን በስፒል ቆነጠጡና ደረት ላይ ቅርጽ ወደሚያወጣው ዳርት ወደሚባለው እጥፋት አዛወሩት። የእጥፋቱ ጫፍም ከጡት ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ መቆም አለበት። እኔ እስከ ጫፉ ሰፍቼው ቀንድ ያወጣሁ መስዬ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ያ ስህተት በእውነተኛው ጨርቅ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን አለቅስ ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከመኪናው ጋር ትግል ነበር። ስፌቱ ከሥር እየተቋጠረ አስቸገረኝ። የታችኛውን ክር ስነካካ፣ ሳወጣ ሳስገባ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። እትዬ ሻያቸውን እየጠጡ ያያሉ። በመጨረሻ "ከሥር የምታይው ችግር ከላይ ነው የመጣው" አሉኝ። የላይኛውን ክር ሳስገባ የመኪናውን እግር፣ ጨርቁን የሚጫነውን፣ ከፍ አላደረግኩትም ነበር። እግሩ ዝቅ ካለ ክሩን የሚይዙት ሳህኖች ተዘግተው ስለሚቆዩ ክሩ መሀላቸው አይገባም። መርፌውንም ቀየርን፤ ለመካከለኛ ጥጥ 80 ቁጥር፣ ለስስ ጨርቅ 70 ቁጥር። መርፌ እስኪሰበር የሚጠበቅ ይመስለኝ ነበር።

አንገቱን ግን አበላሸሁት። ክብ ስለሆነ ጨርቁ ተለጠጠና ተጨማደደ። ይቆጡኛል ብላችሁ አትስጉ፤ አይቆጡም። መተርተሪያውን አቀበሉኝና ዞር አሉ። ተረተርኩ፣ ተኮስኩ፣ ከዳር ጠጋ ብሎ ቅርጹን የሚይዝ አንድ መስመር ስፌት መጀመሪያ ዙሪያውን አስኬድኩ፣ እንደገና ሰፋሁ። አሁን ከሁሉ የምወደው አንገቱን ነው።

ጠርዙን ለመዘምዘም ስቸኩል ደግሞ ቀሚሱን ሰቅዬ እንዳሳድረው አዘዙኝ። ዘርፈፍ ያለ ቀሚስ ጎን ጎኑ ላይ የጨርቁ ክር በሰያፍ ስለሚሄድ በክብደቱ ይወርዳል። እውነትም ጠዋት ሳየው ጎኖቹ ሁለት ጣት ያህል ወርደዋል። አስተካክዬ ቆርጬ ዘመዘምኩት። ኪስም አስገባሁለት፤ ስልኬን የሚውጥ።

የለበስኩት ቀን ትከሻዬ ላይ ሹራብ አልደረብኩም። ለዓመታት በሙቀት እንኳ ደርቤ የምወጣ ሰው ነኝ። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ነው ያስተዋልኩት፤ ቀኑን ሙሉ ቀሚሴን አንድም ጊዜ ወደ ታች አልጎተትኩትም፤ ወገቤንም አላስተካከልኩም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ለምትፈልጓቸው ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ለሳምንት ሠርግ ቀሚስ የፈለገ ሰው እሳቸው ጋ አይሂድ። ሥራ ላይ ከሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ማታ ሞክሩ። ሰዓት አሳልፎ የመጣ ተማሪ ቀጠሮው ያልፈዋል። ብትለምኗቸውም መቀሱን አይቀበሏችሁም፤ እኔ ለምኜ አይቻለሁ። ቁጥራቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለነገሩኝ ለጠየቀኝ ሁሉ በግል እልካለሁ።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ደግሞ ከመምጣታቸው በፊት ጨርቁን እጠቡት።