ሐይቅ ወይስ ቦሩ ሜዳ? ከደሴ ወጣ ብለው ቤት ለሚገዙ

የደሴ መሀል ዋጋው የከበደው፣ ወይም ግርግሩ የሰለቸው ገዢ ብዙ ጊዜ የሚያማርጠው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። ቦሩ ሜዳ ከከተማው በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐይቅ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት ገዳም ነው። ደላላ ይህን ሁሉ ከዋጋው በፊት ይተርክልዎታል። እርስዎ ግን አስቀድመው ወረቀቱን ይጠይቁ።

ካርታ ነው ደብተር?

ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ከተማው ውስጥ ያለ ቤት በደንብ ከተያዘ ከማዘጋጃ ቤቱ የተሰጠ ካርታ አለው። ቦሩ ሜዳ ላይ ጥያቄው ይከብዳል፤ በከተማ ፕላን ውስጥ የገባው ቦታና የገበሬው ማሳ ጎን ለጎን ናቸው። ሻጩ የመሬት ይዞታ ደብተር ካወጣ ቦታው የገጠር ነው፤ እዚያው ላይ ይቁሙ። መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው፤ ሽያጩን በ«ስጦታ» ወይም በ«ብድር» ውል መሸፈን ገዢውን አያድነውም። ከተማው ሲሰፋ ካሳውም ምትኩም የሚሄደው ስሙ ደብተሩ ላይ ላለው ሰው ነው። ቦሩ ላይ ዋጋው ከሚገባው በላይ ረክሶ ካገኙት፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ካርታም ቢኖር ሁሉም ካርታ አንድ አይደለም። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከሆነ በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት በውርስ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ሻጩ በዓመት ትንሽ የቦታ ኪራይ ሲከፍል ኖሮ፣ እርስዎ የሊዝ ክፍያ ይጀምርብዎታል። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደው የዚያ ሰፈር የሊዝ መነሻ ዋጋ በካሬ ስንት እንደሆነ ይጠይቁና በካርታው ካሬ ያባዙት። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ የሚገዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሐይቅ መሀል ላይ ያሉ አሮጌ ቤቶችን ሲያዩ ይህን በተለይ አይርሱ።

ብርዱና ሙቀቱ

ቦሩ ሜዳ ደጋ ነው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ በክረምት ጉምና በረዶ አለ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ለሰውነት ይመቻል፤ ለምስጥም እንደዚያው። ደሴ እየሠሩ ለሚኖሩ ቦሩ ይሻላል፤ ሆስፒታሉም እዚያው ነው። በየቀኑ ከሐይቅ ደሴ መመላለስ ግን ጉልበት ይጨርሳል፣ በክረምት ይብሳል። ጡረታ የወጡ ወይም ሥራቸውን እዚያው የሚሠሩ ከሆነ ሐይቅን አይለፉት።

አሮጌውን ቤት እንዴት ይመረምሩታል?

በሁለቱም ቦታ የሚሸጠው አሮጌ ቤት ባብዛኛው በቋሚና በማገር የተሠራ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ ለባሽ ነው። ጭቃ ቤት ስለሆነ አይናቁት፤ ጣራው ረዝሞ ግድግዳውን ከሸፈነ፣ እግሩም ከደረቀ ብዙ ዘመን ይኖራል። የሚሞተው ከታች ነው። ካቻቢቴ ይዘው ይሂዱ። በቤቱ ዙሪያ እያንዳንዱን ቋሚ መሬቱን በሚነካበት ቦታ፣ ጣት በሚያህል ጥልቀት ከአፈሩ ዝቅ ብለው ይውጉት። ጥድ ከሆነ ብረቱን ይመልሰዋል። ሳይበስል የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከሆነ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ይገባል፤ ውስጡ ዱቄት ወይም የምስጥ ጭቃ ነው። አንድ ሁለት ቋሚ መቀየር ይቻላል። የማዕዘኖቹ ቋሚዎች ከሄዱ ግን ዋጋውን እንደ ባዶ ቦታ ይደራደሩ።

ቀጥሎ ግድግዳውን በጣት አንጓ ያንኳኩ። ጭቃው ላይ ሲሚንቶ የተለሰነበት ግድግዳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ለቋል። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዝና ጭቃውን ያላሽቀዋል፤ አዲስ ቀለም ብዙ ጊዜ የሚቀባውም ይህን ለመደበቅ ነው። ወደ ኮርኒስ ቀና ብለው ቡናማ ክበብ ይፈልጉ። ቆርቆሮው ስንት ጌጅ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። በረዶ በሚመታበት በቦሩ 35 ጌጅ አያዋጣም።

ወለሉ ከውጭው አፈር ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ማለት አለበት። ሜዳው ላይ አፈሩ ዋልካ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ የዚህ ምልክት ነው። ዋልካ ላይ አዲስ ለመሥራት የሚያስቡ ከሆነ መሠረቱ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ መቆፈሩ ግድ ነው፤ የሚያስወጣዎትን ገንዘብ ከወዲሁ ያስቡት። ቤት ለማየት የሚበጀው ነሐሴ ነው፤ ጥር ላይ ሁሉም ግቢ ደረቅ ነው።

የድንጋይ ቤት ካገኙ ደግሞ ድንጋዩ በምን እንደተያያዘ ይመልከቱ። በጭቃ ብቻ ከሆነና በላዩ ዙሪያውን ማሰሪያ ከሌለው ያስፈራል፤ አገሩ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ ካራቆሬን የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። በነገራችን ላይ፣ የሾንኬን የአርጎባ የድንጋይ መንደር አይተው ልባቸው የሸፈተ አሉ። ሄደው ይዩት እንጂ እዚያ ገዝቶ መኖርን አያስቡት። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት በየትም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይነካም፤ አዋጅ 209/1992 ጥገናውንም ያስፈቅዳል።

ውኃው

ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውኃው እንደ ዝናቡ ይሞላል፣ ይጎድላል። ዳሩ ላይ ያለ ቦታ ዓይን ይማርካል፣ ነገር ግን የሽንት ቤት ጉድጓዱ በክረምት ከታች ውኃ ይቀበላል። የጉድጓድ ውኃ ካለ ከሽንት ቤቱ 30 ሜትር መራቁን በሜትር ይለኩ፤ የጎረቤቱንም ሽንት ቤት አብረው ይቁጠሩ። በሁለቱም ቦታ የቧንቧ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤትን ይጠይቁ።

ያው ጎረቤት ስለ ወሰኑም፣ ስለ ቅሬውም (የወሎ ዕድር ነው) ይነግርዎታል። ወሎ ውስጥ ቅሬ ሳይገቡ ቤት መግዛት የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት ነውና የመግቢያውንና የወር መዋጮውን አስቀድመው ይወቁ። ሻጩ ከቅሬው ጋር ተጣልቶ ከሆነ ለምን እንደሚሸጥም እዚያው ይሰማሉ።

ውሉና ገንዘቡ

ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ካለው ፋይል ጋር ያመሳክሩ፤ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን በደብዳቤ ያግኙ። አራቱን ጎኖች በሜትር ለክተው ከካርታው ጋር ያስተያዩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ውሳኔው ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ይፈርሙ። አረብ አገር ያለች እህት «ትስማማለች» ከተባለ ውክልናዋን ያምጡ።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በሕግ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት አይበቃም። ቀብድ ከሰጡ «ቀብድ» የሚለው ቃል ውሉ ላይ ይጻፍ፦ ሻጩ ቢያፈገፍግ እጥፉን ይመልሳል፣ እርስዎ ቢያፈገፍጉ ቀብዱን ያጣሉ። የቴምብር ቀረጡንና በሽያጭ ትርፉ ላይ የሚጣለውን ግብር ማን እንደሚከፍል በውሉ ይለዩ፤ ካልተጻፈ «ሁሉም በገዢ ነው» ይባላሉ። ከዋጋው ላይም የተወሰነውን ይያዙ፤ ቀሪው የሚከፈለው ስሙ ተዛውሮ አዲሱ ካርታ በእጅዎ ሲገባ መሆኑን ውሉ ላይ ያስጽፉ።