ማኪያቶ፣ ማሊያ፣ ማኩላ፦ ፒያሳ ቶሞካ ቆሜ የጠጣሁት

የዓይን ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሁለት ቃል ሳልጠራ የምውለው ቀን የለም። አንዱ «ማኩላ» ነው፣ ሥራ ላይ። ሌላው «ማኪያቶ»፣ ከሥራ ስወጣ። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያወቅሁት ግን በቅርቡ ነው። ስለዚህ የቶሞካን ማኪያቶ ስገመግም ቃሉንም አብሬ አነሳለሁ።

መጀመሪያ ቤቱ። የምለው የድሮውን ነው፣ ፒያሳ ዋቬል ጎዳና ላይ ያለውን። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ አለ። ስሙ ምህጻረ ቃል ነው፤ «ቶሬፋሲዮኔ ሞደርና ካፌ»፣ ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት። ስትገቡ መጀመሪያ ካሸር ጋ ትከፍላላችሁ፣ ወረቀቷን ይዛችሁ ወደ ማሽኑ ትጠጋላችሁ። ጠረጴዛዎቹ ክብና ረጃጅም ናቸው፤ ቆማችሁ ነው የምትጠጡት። ላፕቶፕ ከፍቶ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የፈለገ ሌላ ቤት ይፈልግ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬም ይመቸኛል። ቆሞ የሚጠጣ ሰው ቡናውን ሳይበርድ ይጨርሳል፣ ጎን ካለው ሰው ጋርም ያወራል።

«ሲስተር፣ እንደተለመደው?» ይለኛል ባሬስታው።

«አዎ ወንድሜ። ጠቆር አርገው፣ በብርጭቆ።»

በብርጭቆ የምለው ለማየት ነው። ከታች ጥቁሩ፣ መሐል ቡናማው፣ ከላይ ነጩ አረፋ። ወተቱ ቡናውን ሲነካው ድንበሩ ላይ የሚሆነውን ነገር ማየት እወዳለሁ። ለካ ስሙም የሚናገረው ይህንኑ ነው። «ማኪያ» በጣሊያንኛ ጠብታ የተወው ምልክት ነው፣ እድፍ ወይም ነጠብጣብ። «ማኪያቶ» ማለት ያ ምልክት ያረፈበት ነው። «ማኪያ» ደግሞ የመጣው ከላቲኑ «ማኩላ» ነው። ያው እኛ ክሊኒክ ውስጥ ስንጠራው የምንውለው! ሬቲና (ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) መሐል ያለች ቢጫ ነጥብ ናት፤ ሙሉ ስሟ ማኩላ ሉቴያ። ስፋቷ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የልጃችንን ፊት የምንለየው፣ ጽሑፍ የምናነበው በእሷ ነው። ስንት እናቶችን «እማማ፣ ዓይንዎ ውስጥ ያለችው ነጥብ ናት የታመመችው» ብያለሁ! ከዚያ ወጥቼ ያንኑ ቃል በብርጭቆ እጠጣለሁ።

ግን ማን ነው ማንን የነካው? ጣሊያኖች ሁለቱንም ይላሉ። «ካፌ ማኪያቶ» ኤስፕሬሶ ሆኖ ወተት ጠብ ያለበት ነው። «ላቴ ማኪያቶ» ወተት ሆኖ ቡና ጠብ ያለበት ነው። ስፔኖች ከዚያው ላቲን «ማንቻ» የሚል ቃል አላቸው፣ እድፍ ማለት ነው። እዚያ «ማንቻዶ» ብላችሁ ብታዙ በብዙ ቦታ የሚመጣላችሁ ቡና የነካው ወተት ነው። የኛው ማኪያቶ ከጣሊያኑ ካፌ ማኪያቶ ይልቅ ወተቱ በዛ ይላል። ጥያቄውን እኛ የፈታነው «ጠቆር ያለ» እና «ነጣ ያለ» ብለን ነው። እንደኔ ከሁሉም የተሻለው መፍትሔ ይሄ ነው።

ባለፈው ወር ስሙን የማልጠራው አንድ ካፌ ገባሁ። ማኪያቶ ብዬ አዝዤ የመጣልኝ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መልክ ነበረው። ተቀላቅሎ፣ ተማስሎ! ብጠይቅ «ያው ነው እኮ» ተባልኩ። ያው አይደለም። ያ ቡና በወተት ነው፣ እሱም ለሚወደው ጥሩ ነገር ነው። ማኪያቶ ግን ነጠብጣቡ መታየት አለበት። ካልታየ ስሙን አያገኝም። ቶሞካ ሄጄ ይህ ደርሶብኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ማሊያው ልምጣ። አንድ ቀን አጠገቤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ የለበሱ ጋሼ ቆመው ነበር። አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ የለበሱት ማሊያና ይሄ ማኪያቶ እኮ ወንድማማች ናቸው» አልኳቸው።

«በይ አስረጂኝ» አሉ።

በላቲን «ማኩላ» የመረብ ቀዳዳም ስም ነበር። ፈረንሳዮች ከእሱ «ማይ» አሉ፤ የመረብ ዓይን፣ የሹራብ ቋጠሮ ማለት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ቋንቋ በኩል ጣሊያን ሲደርስ «ማልያ» ሆነ፤ መጀመሪያ የሹራብ ሥራ፣ በኋላ የስፖርተኛ ልብስ። ከጣሊያን ደግሞ እኛ ጋ መጣ። ጋሼ እጅጌያቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው የጨርቁን ቀዳዳዎች አዩ።

«ጣሊያኖች ጫካውንም ማኪያ ይሉት የለም እንዴ?» አሉ ቀጥለው። ከአባታቸው ነው የሰሙት። ልክ ናቸው። ቁጥቋጦ ያለበት ተራራ ከሩቅ ሲታይ ነጠብጣብ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ ነው ይባላል። በጣሊያንኛ «አላ ማኪያ» ሄደ ማለት ዱር ገባ፣ ተሰወረ ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞቻችን «ዱር ቤቴ» ያሉትን ጠላት በራሱ ቋንቋ የሚጠራው በዚህ ቃል ነው ማለት ነው። ፈረንሳዮችም ቃሉን ወስደው ጀርመኖችን ከጫካ የተዋጉ ታጋዮቻቸውን «ማኪ» አሏቸው። የጋሼ ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በዚያው በ1928 ዓ.ም. መሆኑን ሳነሳ ጋሼ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ።

እኔን ልቤን የነካኝ ግን ፖርቱጋልኛው ነው። እዚያ «ማኩላ» እየተለወጠ «ማጎዋ» ሆኗል፤ ቅያሜ፣ ልብ ላይ የቀረ ኀዘን። እድፉ ከልብስ ወደ ልብ ገባ። በመኃልየ መኃልይ 4፥7 ላይ «ነውርም የለብሽም» የሚለውን የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ «ማኩላ» ብሎ ነው የጻፈው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ እኔ የምወደው ከምሳ በኋላ ጋብ ሲል ነው። ጠቆር ያለ እዘዙ፣ በብርጭቆ በሉ። ሳታማስሉ መጀመሪያ ከላይ ቅመሱት። ስኳር ከፈለጋችሁ በኋላ ጨምሩ። የተቆላ ቡናም ይሸጣሉ፤ ሳይፈጭ ውሰዱ፣ ቤታችሁ ፍጩት። እኔ ያን ቀን ግማሽ ኪሎ ይዤ ወጣሁ፤ ጋሼም እስከ ጊዮርጊስ አደባባይ ድረስ ሸኙኝ።